«አይዞአችሁ» ሲበዛ፦ የእብድ ላም በሽታ የብሪታንያን ሕዝብ አመኔታ እንዴት እንደሸረሸረው

በዲሴምበር 1984 በደቡብ እንግሊዝ፣ በሱሴክስ፣ አንዲት የወተት ላም ጀርባዋ ጎበጠ፤ ሥጋዋም ከቀን ወደ ቀን አለቀ። ቀጥሎ ጭንቅላቷ ይንቀጠቀጥ፣ እግሯ ይተሳሰር ጀመር። በፌብሩዋሪ 1985 ሞተች። (ቀኑና ዓመቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ምን እንደነካት በወቅቱ ያወቀ የለም። ከ11 ዓመት በኋላ ግን የዚያች ላም በሽታ፣ «የእብድ ላም በሽታ» ተብሎ፣ የብሪታንያን የሥጋ ንግድ አንኮታኩቶ፣ አንድ ትውልድ መንግሥትንና ባለሙያን የሚሰማበትን ጆሮ ለውጦ ነበር።

ነገሩን ለመረዳት ሁለት ክሮችን ጎን ለጎን መከተል ያስፈልጋል፤ አንዱ በላሟ አንጎል ውስጥ የሆነው፣ ሌላው በሕዝቡ ልብ ውስጥ የሆነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው የመጀመሪያው ነው። ረጅም ዕድሜ ያገኘው ግን ሁለተኛው ነው።

የእንግሊዝ ሕዝብ ገበታውን መጠራጠር የጀመረው የላሟ በሽታ ምንነት ከመታወቁ በፊት ነው። በሜይ 1986 ከፈነዳው የቼርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ የተነሳው ደመና በዌልስና በኩምብሪያ ኮረብቶች ላይ ዘነበ፤ ሣሩን የጋጡት በጎች ሥጋቸው ላይ ራዲዮአክቲቭ ሲዚየም ተገኘ። በጁን ወር የበግ ሽያጭ ሲታገድ፣ እገዳው ለ3 ሳምንት ያህል ነው ተባለ። የመጨረሻው ገደብ የተነሳው በ2012 ነው፤ 26 ዓመት ፈጀ። ስህተቱ የአፈር ነበር። ባለሙያዎቹ የተነሱት ሲዚየምን ጨብጦ ከሚይዝ ሸክላማ አፈር ልምድ ነው፤ የኮረብታው አፈር ግን አሲዳማና በብስባሽ የተሞላ ስለሆነ ሲዚየሙን በየዓመቱ ለሣሩ መልሶ ይሰጠው ነበር። እረኞቹ አፈራቸውን ያውቁ ነበር፤ የጠየቃቸው ግን አልነበረም።

በዲሴምበር 1988 ደግሞ በጤና ሚኒስቴር ሚኒስትር ዴኤታ የነበሩት ኤድዊና ከሪ፣ አብዛኛው የሀገሪቱ የእንቁላል ምርት ሳልሞኔላ በሚባለው ምግብ መራዥ ባክቴሪያ ተበክሏል ብለው በቴሌቪዥን ተናገሩ። የእንቁላል ሽያጭ ከግማሽ በላይ አሽቆለቆለ፤ ሴትዮዋም 2 ሳምንት ሳይሞላቸው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ሳልሞኔላው በእንቁላል ጣይ ዶሮዎች መካከል በእርግጥ ተሰራጭቶ ነበር፤ አጋነኑ የተባለው ስፋቱን ነው። እኛ እንደምናየው ይህ ክስተት በየመሥሪያ ቤቱ አንድ መጥፎ ትምህርት ትቶ አለፈ፦ ሕዝብ የሚያስደነግጥ ነገር የተናገረ ሹም ወንበሩን ያጣል። የላሞቹ በሽታ ፋይል በዚያው ጊዜ በጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ነበር።

መኖው ምን ነበር

ላም ሣር በል ናት። ብዙ ወተት እንድትሰጥ ሲፈለግ ግን ሣሩ የማይበቃ ፕሮቲን ያስፈልጋታል። እኛ ሀገር ለዚህ ፋጉሎ ይሰጣል። በብሪታንያ አኩሪ አተር ከውጭ በውድ ስለሚገዛ ርካሹ የፕሮቲን ምንጭ የቄራ ተረፍ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሰው የማይበላው አጥንት፣ ጭንቅላት፣ አንጀትና ቁርጥራጭ፣ በየእርሻው የሞተው ከብትም ጭምር ተሰብስቦ ይፈጫል። ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ተቀቅሎ ውኃው ይተናል፤ ሞራው ተጨምቆ ይወጣል፤ የቀረው ደረቅ ነገር እንደ ዱቄት ይላማል። ይህ «የሥጋና አጥንት ዱቄት» ከእህል ጋር ተደባልቆ ለከብት፣ ለአሳማና ለዶሮ ይቀርብ ነበር። ልማዱ አዲስ አልነበረም፤ በሌሎች ሀገሮችም ነበር። ብሪታንያን የለያት ለወተት ጥጆች ገና ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ መስጠቷ ነው።

በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያም ቫይረስም አይደለም። ፕሪዮን የሚባል፣ አጣጣፉ የተበላሸ ፕሮቲን ነው። ጤነኛውን ፕሮቲን በነካው ቁጥር ያንንም እንደራሱ ያጣምመዋል፤ እንዲህ እየተባዛ አንጎሉን እንደ ስፖንጅ ያበሳሳዋል። ሕይወት ያለው ነገር ስላልሆነ በመቀቀል፣ በመጥበስ ወይም በማቀዝቀዝ አይሞትም። በኋላ አውሮፓ ለቄራ ተረፍ ያወጣችው መለኪያ 133 ዲግሪ፣ 3 ባር ግፊት፣ 20 ደቂቃ ነው፤ ይህም ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ ያጠፋዋል ማለት አይደለም። የፕሪዮንን ነገር የተከራከሩለት ስታንሊ ፕሩሲነር የኖቤል ሽልማት ያገኙት በ1997 ነው፤ ማለትም ችግሩ ሲጀምር ሐሳቡ ራሱ ገና አከራካሪ ነበር።

አዙሪቱን አሁን ማየት ይቻላል። የታመመች ላም ታርዳ ወይም ሞታ ወደ መፍጫው ትገባለች፤ ከእሷ የወጣው ዱቄት በብዙ ቶን መኖ ውስጥ ይበተናል፤ ጥጆች ይበሉታል። በሽታው በላም ውስጥ በአማካይ 5 ዓመት ተደብቆ ስለሚቆይ፣ ጥጆቹ ምልክት ሳያሳዩ ራሳቸውም ይታረዳሉ። በኖቬምበር 1986 በዌይብሪጅ የሚገኘው የእንስሳት ቤተ ሙከራ በሽታውን ለይቶ ሲያውቀው አዙሪቱ ብዙ ጊዜ ተሽከርክሯል። መጀመሪያ ስክሬፒ ከሚባለውና በእንግሊዝ ከ200 ዓመት በላይ ከታወቀው የበግ በሽታ የተሻገረ ነው ተብሎ ታምኖ ነበር። ይህ እምነት አጽናኝ ነበር፤ የስክሬፒን በግ ሰው ለዘመናት ሲበላ ኖሯልና። በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ግን በሽታው በ1970ዎቹ በራሱ በከብቶች ውስጥ የተነሳ አዲስ ነገር ሳይሆን አይቀርም ብሏል።

ሕጉ የት የት ላይ አፈሰሰ

በጁላይ 1988 የሥጋና አጥንት ዱቄት ለከብትና ለበግ እንዳይሰጥ ተከለከለ። እርምጃው ትክክለኛ ነበር፤ በሽታውን በመጨረሻ ያከሰመውም እሱ ነው። ግን ሦስት ቀዳዳ ነበረበት። አንደኛ፣ ነጋዴው ያለውን እንዲጨርስ 5 ሳምንት ያህል የእፎይታ ጊዜ ተሰጠው፤ በየጎተራው የተረፈውም ከዚያ በኋላ ተበላ። ሁለተኛ፣ ዱቄቱ ለአሳማና ለዶሮ እስከ 1996 ድረስ ተፈቅዶ ቆየ። የአሳማውንም የላሙንም መኖ የሚያዘጋጀው ያው ፋብሪካ፣ ያው ማሽን ነው፤ በማሽኑ ጥግ የቀረው ወደሚቀጥለው ዙር ይገባል። ሦስተኛውና ከባዱ፣ ምን ያህሉ እንደሚበክል ማንም አላወቀም ነበር። አንድ ጥጃ ለመበከል 1 ግራም የታመመ አንጎል እንደሚበቃ ሙከራው ያሳየው ዘግይቶ ነው፤ ቀጥሎ የአንድ ግራም 1/1000 እንኳ በቂ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ክልከላው ከወጣ በኋላ ከተወለዱት ከብቶች ከ40,000 በላይ ታመሙ። በ1992 ብቻ ከ36,000 በላይ፣ በጠቅላላው ከ180,000 በላይ ከብቶች ላይ በሽታው ተረጋገጠ። ይህ የሚረጋገጠው ከሞት በኋላ አንጎሉ በማይክሮስኮፕ ታይቶ ስለሆነ፣ ሳይታወቁ የታረዱት በመቶ ሺዎች እንደሚቆጠሩ ይገመታል።

ካሳም ነበር። በኦገስት 1988 የታመመ ከብት ሁሉ እንዲወገድ ሲታዘዝ ለባለቤቱ የሚከፈለው የዋጋው 50 በመቶ ነበር። ገበሬው ላሟ ስትወላገድ አይቶ ዝም ብሎ ቢሸጣት ሙሉ ዋጋ፣ ቢያሳውቅ ግማሽ ያገኛል ማለት ነው። ብዙዎች ተችተውት በፌብሩዋሪ 1990 ወደ 100 በመቶ ከፍ አለ።

በኖቬምበር 1989 አንጎል፣ ህብለ ሰረሰር፣ ጣፊያ፣ ቶንሲል፣ ታይመስ (በደረት ውስጥ ያለ ዕጢ) እና አንጀት ከሰው ምግብ እንዲወጡ ታዘዘ። በወረቀት ላይ ሲታይ ሰውን የሚጠብቀው ዋናው አጥር ይህ ነበር። በተግባር ግን ከብቱ በቄራ ለሁለት ሲሰነጠቅ ህብለ ሰረሰሩን ሙሉ በሙሉ ጎትቶ ማውጣት ጊዜ የሚፈልግ ሥራ ነው፤ በ1995 በተደረገ ድንገተኛ ቁጥጥር ቁርጥራጩ በሥጋው ላይ ተጣብቆ ሲያልፍ ተገኘ። በዚያ ላይ በማሽን የሚለቀም ሥጋ የሚባል ነገር አለ፦ ቢላዋ ያልደረሰበትን ሥጋ ለማግኘት አጥንቱ በከፍተኛ ግፊት ተጨምቆ በወንፊት ያልፋል፤ የሚወጣው ሊጥ መሰል ነገር በርካሽ በርገር፣ ቋሊማና የሥጋ ኬክ ውስጥ ይገባል። የጀርባ አጥንት ሲጨመቅ የተረፈው ህብለ ሰረሰርና በጎኑ ያለው የነርቭ እብጠት አብሮ ይወጣል። የጀርባ አጥንትን እንዲህ መጭመቅ የተከለከለው በዲሴምበር 1995 ነው፤ የክፍሎቹ እገዳ ከወጣ ከ6 ዓመት በኋላ። የሰው ሞት ምክንያት ሲፈለግ ጣት ይበልጥ የሚያመለክተው ወደዚህ ነው። ንጹሕ ቀይ ሥጋ በዋናነት አልተጠረጠረም።

«ማስረጃ የለም» ምን ማለት ነው

በዚህ ጊዜ ሁሉ ለሕዝቡ ምን ተባለ? መንግሥት በኦክስፎርዱ የእንስሳት ሊቅ በሪቻርድ ሳውዝውድ የሚመራ 4 አባላት ያሉት ቡድን አቋቁሞ ነበር። ቡድኑ በፌብሩዋሪ 1989 ባወጣው ሪፖርት በሽታው ለሰው ጤና ይተርፋል ተብሎ እንደማይገመት ጻፈ። ወረድ ብሎ ግን ግምታችን የተሳሳተ ከሆነ መዘዙ እጅግ ከባድ ይሆናል የሚል ማስጠንቀቂያ አስቀመጠ። ሹማምንቱ ለዓመታት ሲደጋግሙት የኖሩት የፊተኛውን ዐረፍተ ነገር ነው። የኋለኛው ተረሳ። ሪፖርቱም ለጊዜው የተሠራ ግምት መሆኑ ቀርቶ እንደ ተረጋገጠ ውጤት ይጠቀስ ጀመር።

ልዩነቱን በአማርኛ ስንለው ግልጽ ነው። «አደጋ እንዳለው ማስረጃ የለንም» አንድ ነገር ነው፤ «አደጋ እንደሌለው ማስረጃ አለን» ፈጽሞ ሌላ ነው። በሽታው በላም 5 ዓመት፣ በሰው ደግሞ ከ10 ዓመት በላይ የሚደበቅ ከሆነ፣ በ1990 «ማስረጃ የለም» ማለት ምንም አይነግረንም። ሰው እየተበከለም ቢሆን፣ ባይሆንም ያው ዐረፍተ ነገር እውነት ይሆን ነበርና።

በሜይ 1990 በብሪስቶል አንድ የሲያም ድመት በተመሳሳይ በሽታ መሞቱ ታወቀ። ስክሬፒ ድመት ላይ ታይቶ አያውቅም ነበር። ከዚያ በፊትም በእንስሳት መጠበቂያዎች ኒያላና፣ እኛ አጋዘን የምንለው ኩዱ ጭምር ታመው ነበር። በሽታው ከአንዱ የእንስሳ ዘር ወደ ሌላው አይሻገርም የሚለው መጽናኛ በሕዝብ ፊት ፈረሰ። ትምህርት ቤቶች የበሬ ሥጋን ከምሳ ማውጣት ጀመሩ። የመንግሥት መልስ በዚያው ወር መጣ፦ የእርሻ ሚኒስትሩ ጆን ገመር በካሜራ ፊት ለ4 ዓመት ልጃቸው በርገር አቀረቡላት፤ ራሳቸውም ገመጡ። ዋናው የጤና ኃላፊ ዶናልድ አቺሰንም ሕፃናትና የሆስፒታል ሕሙማን ጭምር የብሪታንያን የበሬ ሥጋ ያለ ሥጋት መብላት እንደሚችሉ መግለጫ ሰጡ።

የእርሻ ሚኒስቴሩ አወቃቀር ራሱ እዚህ ላይ መጠቀስ አለበት። ያው መሥሪያ ቤት የገበሬውን ገቢ እንዲጠብቅም የበላተኛውን ጤና እንዲጠብቅም ተሹሞ ነበር። ሁለቱ ሲጋጩ ማን እንደሚቀድም የሚወስን የውጭ ዳኛ አልነበረም።

ማርች 20 ቀን 1996

የጤና ሚኒስትሩ ስቲቨን ዶሬል በዚያ ቀን በፓርላማ ቆመው የሰውን አንጎል የሚያበሳሳው የክሮይትስፌልት ያኮብ በሽታ አዲስ ዓይነት በ10 ሰዎች ላይ መገኘቱን፣ ምክንያቱም ምናልባት ለላሞቹ በሽታ መጋለጥ ሊሆን እንደሚችል ተናገሩ። ነባሩ የዚህ በሽታ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ከ60 ዓመት በላይ ያሉትን የሚይዝ ነው፤ አሥሩ ግን ሁሉም ከ42 ዓመት በታች ነበሩ። የመጀመሪያው ሟች በሜይ 1995 ያረፈ የ19 ዓመት ወጣት ነው። አጀማመሩ ለቤተሰብ እጅግ የሚያሳስት ነው፦ ድብርት፣ ጭንቀት፣ ከሰው መራቅ። ወራት ካለፉ በኋላ እግር ያማል፤ አካሄድ ይዛባል፤ ማስታወስ ይጠፋል፤ በአማካይ በ14 ወር ውስጥ ሞት ይከተላል። እስከዛሬ መድኃኒት የለውም።

በሳምንቱ የአውሮፓ ኅብረት የብሪታንያ የበሬ ሥጋ ወደ የትም ሀገር እንዳይወጣ አገደ። በሀገር ውስጥ ዕድሜው ከ30 ወር ያለፈ ከብት ሁሉ ለምግብ እንዳይታረድ ተወሰነ። ለምን 30 ወር? በሽታው ሲበስል ነው ፕሪዮኑ በብዛት የሚከማቸው፤ ከዚያ ዕድሜ በፊት ምልክት ያሳየ ከብት እጅግ ጥቂት ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ከብቶች ተወገዱ። የማቃጠያ ምድጃ ስላልበቃ ዱቄታቸው በመጋዘን ተከምሮ ዓመታት ቆየ። ከጁላይ 1996 ጀምሮ የተወለደ ጥጃ ሁሉ የጆሮ ቁጥርና ፓስፖርት እንዲኖረው ተደረገ፤ ከዚያ በፊት አንድ ቁራጭ ሥጋ ከየትኛው እርሻ እንደመጣ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም ነበር።

አመኔታው የት ደረሰ

ከዚህ ወዲያ ያለው የሕዝቡ ጠባይ «ሰው ፈሪ ሆነ» በሚል አጭር አነጋገር አይገለጽም። በዲሴምበር 1997 አዲሱ መንግሥት ከአጥንቱ ያልተለየ የበሬ ሥጋ እንዳይሸጥ ከለከለ። የሚቀረው ሥጋት እጅግ ጥቂት እንደነበር ባለሙያዎቹ ራሳቸው ተናግረዋል። ሕዝቡ ግን ተቆጣ፤ አንዳንድ ሥጋ ቤቶች በግልጽ ሸጡ፤ ደንበኛውም በእልህ ገዛ። በ1990 «ብሉ» ሲባል የተጠራጠረ ሰው በ1997 «አትብሉ» ሲባልም እሺ አላለም። የሁለቱም ምንጭ አንድ ይመስለናል፦ ቁጥሩን አሳዩን፣ መወሰኑን ለእኛ ተዉት የሚል አቋም። እገዳው ከ2 ዓመት በኋላ ተነሳ።

በጂን ምህንድስና የተሠራ ቲማቲም ድልህ በ1996 በግልጽ ምልክት ተለጥፎበት በብሪታንያ ሱፐርማርኬቶች ሲሸጥ ርካሽ በመሆኑ ጥሩ ገበያ ነበረው። በ1999 ከመደርደሪያ ጠፋ። በምርቱ ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ የተለወጠው «ጉዳት እንዳለው ማስረጃ የለም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር የሚሰማው ጆሮ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የክትባቱ ነው። በፌብሩዋሪ 1998 በ12 ሕፃናት ላይ ብቻ የተመሠረተ ጽሑፍ የኩፍኝን፣ የጆሮ ደግፍንና የሩቤላን ጥምር ክትባት ከኦቲዝም ጋር እንዲያያዝ በር ከፈተ። ጽሑፉ ውሸት እንደነበር በኋላ ተረጋግጦ በ2010 ተሰርዟል። በ1998 ግን ሹማምንቱ ክትባቱ አስተማማኝ ነው ሲሉ (በዚህ ጊዜ በብዙ ጥናት የተደገፈ እውነት ነበር) ብዙ ወላጆች የሰሙት የበርገሩን ድምፅ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ 92 በመቶ ገደማ የነበረው የ2 ዓመት ሕፃናት ክትባት በ2003 እና 2004 ወደ 80 በመቶ ወረደ። ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር የራሳቸው ሕፃን መከተብ አለመከተቡን ሲጠየቁ የቤተሰብ ጉዳይ ነው ብለው ለመመለስ እምቢ አሉ፤ ልጅን ለካሜራ አለማቅረባቸው ከገመር ስህተት የተማረ ይመስላል፤ ዝምታው ግን ጥርጣሬውን አባሰው። በ2006 አንድ ልጅ በኩፍኝ ሞተ፤ ከ1992 ወዲህ የመጀመሪያው።

አመኔታ የቀነሰው በላሞቹ ብቻ ነው ማለት ግን ስህተት ይሆናል። ከ1983 ጀምሮ በየጊዜው የሚካሄደው የብሪታንያ የማኅበራዊ አመለካከት ጥናት፣ መንግሥት ከፓርቲው ይልቅ የሀገርን ጥቅም ያስቀድማል ብሎ አብዛኛውን ጊዜ የሚያምነው ሰው በ1986 ከ3 ሰው ከ1 በላይ እንደነበረ፣ በ2000 ግን ከ5 ሰው 1 እንኳ እንደማይሞላ ያሳያል። በመሃሉ የ1992 የፓውንድ ውድቀትና የፓርላማ አባላት የጉቦ ቅሌት ነበሩ። ላሞቹ የጨመሩት ነገር ጥርጣሬውን ከፖለቲካ አውጥቶ ወደ ነጭ ጋዋን ለባሹ ማሻገር ነው።

በሎርድ ፊሊፕስ የተመራው አጣሪ ኮሚሽን በኦክቶበር 2000 ባለ 16 ቅጽ ሪፖርቱን አወጣ። መንግሥት ሆን ብሎ ሕዝቡን አልዋሸም፤ አደጋው የራቀ ነው ብሎ ከልቡ አምኗል፤ ሐሳቡ ሁሉ ግን ሕዝቡ ከልክ በላይ እንዳይደነግጥ በመከላከል ላይ ነበር አለ። ይህ ፍርድ ለብዙ ሰው አልተዋጠለትም፤ እኛ ግን ትክክል ነው እንላለን። ክፉ ሰው ሳይኖርበት ይህን ያህል ጥፋት መድረሱ ነው መጠናት ያለበት። በዚያው ዓመት የምግብ ጥራት ጉዳይ ከእርሻ ሚኒስቴር ወጥቶ ለአዲስ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ተሰጠ፤ ቦርዱም ስብሰባውን በሕዝብ ፊት ያደርጋል። የእርሻ ሚኒስቴሩ ራሱ በ2001 ፈረሰ።

የሟቾቹ ቁጥርስ? በ1990ዎቹ መጨረሻ የነበሩት ግምቶች ከመቶዎች እስከ መቶ ሺዎች ይዘልቁ ነበር። እስካሁን በብሪታንያ በዚህ በሽታ የሞቱት 178 ናቸው። በ2013 የታተመ ጥናት ግን በቀዶ ጥገና የወጡ ከ32,000 በላይ ትርፍ አንጀቶችን መርምሮ በ16ቱ ላይ የተበላሸውን ፕሮቲን አግኝቷል፤ ከ2,000 ሰው 1 ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ይታመሙ አይታመሙ አይታወቅም። በሽታው በደም እንደሚተላለፍ ደግሞ በጥቂት ታካሚዎች ላይ ታይቷል፤ ለዚህም ብሪታንያ ከ1999 ጀምሮ የሚለገሰውን ደም ሁሉ ነጭ የደም ሴሎቹን አጣርታ ታወጣለች።

ከ1980 እስከ 1996 ባለው ጊዜ በለንደን ወይም በሌላ የብሪታንያ ከተማ በድምሩ 3 ወር ኖረው ወደ አሜሪካ የተሻገሩ ወገኖቻችን፣ በዋሽንግተንም በዳላስም ደም ሊለግሱ ሄደው «እርስዎ አይችሉም» የተባሉት በዚህ ምክንያት ነው። ክልከላው በ2022 ተነስቷል። ያኔ የተመለሰ ሰው አሁን ተመልሶ ሄዶ መጠየቅ ይችላል።